የሕሙማን አገልጋይ ልትመራ ይገባታልን? ስለ ነርሶች የድህረ ምረቃ ትምህርት፣ ስለ አገልግሎትና ስለ ሥልጣን

ሕሙምን ማገልገልና ሰውን መምራት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተስማምተው ሊኖሩ ይችላሉ ወይስ አንዱ ሌላውን ያከስመዋል የሚለውን ጥያቄ የሃይማኖት መምህራንና ፈላስፎች ለብዙ ዘመን ሲመረምሩት ኖረዋል። ነርሶች ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚከታተሉት ትምህርት፣ በተለይም በዓለም አቀፍ የጤና አገልግሎት ለአመራር እንዲያበቃ ታስቦ የሚሰጠው፣ ይህንኑ ጥያቄ ዛሬ በአዲስ መልክ ያነሣዋል። በሕሙም አልጋ አጠገብ የሚቆም ሰው ሥራው ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ቁስል መጥረግ፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መስጠትና ሌሊቱን አብሮ ማንጋት ከሆነ፣ ስለ በጀት፣ ስለ ፖሊሲና በአገሮች መካከል ስለሚደረግ ስምምነት የሚያስተምር ትምህርት ይህንን ሰው የተሻለ አገልጋይ ያደርገዋል ወይስ ከአገልግሎቱ ያርቀዋል? በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው መልስ፣ ነርስ የመምራት መብት የምታገኘው ለሕሙም ካላት ቅርበት ነው፤ የድህረ ምረቃ ትምህርትም ተገቢነት የሚኖረው ያንን ቅርበት በዓይን እስከማይታዩት ሕሙማን ድረስ ሲያደርሰው ነው የሚል ነው።

ነገሩ በረቂቅ ሐሳብ ብቻ እንዳይቀር በአንድ ሥፍራ ላይ ቆሞ መመልከት ይጠቅማል። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ወረታና ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የደቡብ ጎንደር ከተማ ስትሆን፣ ከእርሷ አልፎ በጉማራና በርብ ወንዞች ዙሪያ እስከ ጣና ሐይቅ የሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ በየክረምቱ ውሃ የሚተኛበት ነው። ያው ውሃ ሜዳውን በሩዝ የታወቀ ቢያደርገውም ለወባ ትንኝ መራቢያም ይሆናል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደታየው ከልኩ ሲያልፍ ደግሞ ነዋሪዎችን ከቤታቸው ያፈናቅላል። ውሃው ከሸሸ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት፣ በዚህ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ተረኛ የሆነች ነርስ ከጠዋት ጀምሮ ትኩሳት ያለበትን ሰው በተራ ትቀበላለች፤ በእናቱ ጀርባ የታዘለውን ሕፃን ሙቀት ትለካለች፣ ጣቱን ወግታ ደሙን በወባ መመርመሪያው ላይ ታንጠባጥባለች፣ ልጁ መቼ መጥባት እንዳቆመና ስንት ጊዜ እንዳስታወከው እናቲቱን ትጠይቃለች።

ይህ ሁሉ በተለምዶ የእጅ ሥራ ተብሎ የሚታሰብ ቢሆንም፣ በዚያው ጠዋት የምትወስናቸው ሌሎች ነገሮች አሉ፦ የቀረው መመርመሪያና መድኃኒት ለስንት ቀን ይበቃል፣ ትኩሳቱ የበዛው ከየትኛው ቀበሌ በመጡ ሰዎች ላይ ነው፣ በዚያ ቀበሌ አጎበር የተሠራጨው መቼ ነው፣ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር በሪፈር መላክ ያለበት ማን ነው፣ መንገዱ በጭቃ ሲያዝ ሕመምተኛው በምን ይሄዳል? እነዚህ ጥያቄዎች አንድን ሰው ከማከም አልፈው ስለ ብዙ ሰዎች የሚያስቡ፣ የሌሎችን ሥራ የሚያቀናጁና የነገን ችግር ዛሬ የሚመለከቱ ስለሆኑ የአመራር ጥያቄዎች ናቸው። ስለዚህ አመራር ከውጭ መጥቶ በነርሶች ሥራ ላይ የሚለጠፍ ማዕረግ ሳይሆን በሥራው ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ስም ያልተሰጠውና ሥልጣን ያልተጨመረበት ክፍል ነው ማለት ይቻላል።

ክርክሩ ከመቀጠሉ በፊት ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች መብራራት አለባቸው። የነርሶች የድህረ ምረቃ ትምህርት ሲባል አንድ ነርስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ከሠራ በኋላ የሚከታተለው የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ሲሆን፣ በአገራችን በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። በውስጡም በሽታ በሕዝብ መካከል የሚሰራጭበትን መንገድ የሚያጠናው ኢፒዲሚዮሎጂ፣ የጤና መረጃን በቁጥር የሚተነትነው ባዮስታቲስቲክስ፣ የምርምር ዘዴ፣ ሥነ ምግባርና የአስተዳደር ትምህርት ይገኙበታል። አመራር ሲባል ሰዎች ለጋራ ዓላማ አቅማቸውን እንዲያስተባብሩ የማድረግ ኃላፊነት ነው፤ ሹመት አመራርን ሊደግፈው ቢችልም አይተካውም። ዓለም አቀፍ ጤና ደግሞ በሩቅ አገር ያለ ሰው ጤና ማለት ብቻ ሳይሆን፣ ድንበር የማያግደውን በሽታና በአገሮች መካከል ያለውን ያልተመጣጠነ የጤና ዕድል በአንድነት የሚመለከት የዕውቀትና የሥራ መስክ ነው።

በነርሶች አመራር ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ሃይማኖታዊ መልክ አለው። አገልግሎት ትሕትናን ይጠይቃል፣ ትሕትና ደግሞ ከፍ ያለውን ወንበር አይፈልግም፤ ስለዚህ ሥልጣን የምትሻ አገልጋይ የአገልግሎቷን ዋጋ ታጠፋለች የሚል ነው። ተቃውሞው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ ምክንያቱም በደግነት ጀምረው በክብር ፍለጋ የተጠናቀቁ ብዙ ሥራዎች በዓለም ታሪክ ታይተዋል። ይሁን እንጂ ወንጌል ታላቅ ለመሆን የሚወድ ሰው አገልጋይ እንዲሆን ሲያዝዝ ታላቅነትን አልሻረም፤ ታላቅነት የሚለካበትን መለኪያ ግን ለወጠ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ሐሙስ ሊቃነ ጳጳሳትና ካህናት ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር የሚያጥቡት ሥርዓት የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ አጣቢው በዚያች ሰዓት ሊቀ ጳጳስነቱን አይተውም፣ ይልቁንም ሊቀ ጳጳስነቱ ለምን እንደተሰጠው በሥራው ያሳያል። በአገራችን ቅዳሴ በስሙ የሚጠራለት ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ድሆችና ሕሙማን የሚረዱበትን ታላቅ ተቋም ሲያቋቁም ይህንን በተግባር አሳይቷል፤ ጳጳስ ሆኖ ገንዘብ አሰባሰበ፣ ሠራተኛ መደበ፣ ሌሎች የሚሸሿቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ግን ራሱ ከመቅረብ አልተቆጠበም።

በእስልምና ትውፊትም ተመሳሳይ ትምህርት ይገኛል። ሩፈይዳ አል-አስለሚያ በመዲና በነቢዩ ሙሐመድ ዘመን ቁስለኞችን የምትረዳበት ድንኳን እንደነበራትና በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰለ ሰው ወደ እርሷ ድንኳን እንዲወሰድ እንደታዘዘ ይነገራል፤ ድንኳኑ የሕክምና ሥፍራ እንደነበር ሁሉ ሩፈይዳም የሥፍራው ኃላፊ ነበረች። ነቢዩን በሕፃንነታቸው የተንከባከበችው ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመንም በኡሑድ ውጊያ ለተዋጊዎች ውሃ በማቅረብና ቁስለኞችን በመርዳት ትታወሳለች። እንግዲህ ሁለቱም ሃይማኖቶች ሕሙምን መንከባከብ የዝቅተኛ ሰው ሥራ ነው አላሉም፤ ይህንን ሥራ ከኃላፊነት የለየው ሃይማኖት ሳይሆን በኋላ ዘመን የመጣ የማኅበራዊ ደረጃ አመለካከት ነው። ከዚህም የተነሣ ለነርሷ ዝምታን ትሕትና ብሎ የሚያስተምር ሰው የሃይማኖትን ቃል ለሌላ ዓላማ እየተጠቀመበት እንደሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል፤ ሕሙሙ በሰዎች ስሕተት ሲጎዳ እያየች የምትታገሥ ነርስ ትዕግሥቷ ለሕሙሙ የሚጠቅመው ነገር የለምና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ፍልስፍናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ እንክብካቤ ሥነ ምግባር መጽሐፍ ያሳተመችው አሜሪካዊት ፈላስፋ ኔል ኖዲንግስ፣ እውነተኛ እንክብካቤ ተንከባካቢውና ተቀባዩ ፊት ለፊት ሲገናኙ የሚፈጸም ስለሆነ፣ አንድ ሰው ፈጽሞ ሊያገኛቸው ለማይችላቸው በሩቅ አፍሪካ ለሚራቡ ሕፃናት በዚያ ትርጉም የመንከባከብ ግዴታ የለበትም እስከማለት ደርሳ ነበር። በኋለኛው ሥራዋ ግን ለሩቅ ሰው ማሰብ ለፍትሕ መሠረት እንደሚሆን የበለጠ ቦታ ሰጥታዋለች። የመጀመሪያው ሐሳቧ እውነት ያለበት ነው፤ እጅ የሚነካው በቅርብ ያለውን ብቻ ነውና። ከፎገራ ሜዳ ሆኖ ሲታይ ግን ጎዶሎነቱ ጎልቶ ይወጣል፤ ምክንያቱም በዚህ ሜዳ የሚኖር ሕፃን ከወባ የሚድንበት መድኃኒት የተቀመመው፣ የተገዛውና የተጓጓዘው ሕፃኑን ፈጽሞ ባላዩ ሰዎች ሲሆን፣ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ኃላፊነቱን ቢዘነጋ ፊት ለፊት የቆመችው ነርስ ፍቅር ብቻውን ሕፃኑን አያድነውም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ውስጥ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ግን ግማሹ ነው። ሳምራዊው በወንበዴዎች የተደበደበውን ሰው ቁስል በዘይትና በወይን ጠርጎ አሰረለት፣ በአህያው ላይም ጫነው፤ ይህ የቅርብ እጅ ሥራ ነው። ቀጥሎ ግን ወደ እንግዳ ማረፊያ አደረሰው፣ በማግሥቱም ለባለቤቱ ገንዘብ ሰጥቶ እንዲጠብቀው አደራ አለ፣ የሚጨምረውን ወጪም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። በዚህ ሁለተኛ ሥራው ሳምራዊው እርሱ በሌለበት ሰዓት እንክብካቤው እንዳይቋረጥ ቦታ መረጠ፣ ሰው መደበ፣ በጀት ያዘ፣ ተመልሶም እንደሚከታተል አሳወቀ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የጤና አገልግሎት አመራር ተብሎ የሚሰጠው ትምህርት በዋናው ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ምሕረት ከአንድ ሰው ጉልበትና ከአንድ ቀን ዕድሜ በላይ እንዲቆይ የማድረግ ጥበብ ነው።

በኦሪት ዘጸአትም የሙሴ አማት ዮቶር፣ ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን በሕዝቡ ላይ ሲፈርድ አይቶ ሥራው እርሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ነግሮ፣ የሺ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም መከረው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ሸክምን ማካፈል ራሱ ለተገልጋዩ የሚደረግ ቸርነት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የዘረጋችው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በዚህ ዓይነት አስተሳሰብ ላይ የቆመ ሲሆን፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰዱ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሁለት አድርጎ መድቧል። በአደረጃጀቱ መሠረት አንድ ጤና ጣቢያና በሥሩ ያሉ አምስት ጤና ኬላዎች በአማካይ ለ25 ሺህ ሰው አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ስለዚህም በጤና ጣቢያው ያለች ነርስ ሕመምተኛዋን ብቻ ሳይሆን የእነዚያን ባለሙያዎች ሥራ ትደግፋለች፣ ስሕተታቸውን ታርማለች፣ ድካማቸውንም ታያለች። ይህንን ኃላፊነት ያለ ትምህርት መሸከም ይቻላል ማለት ሸክሙን አለማወቅ ነው።

የኢትዮጵያ የነርስነት ታሪክም ክብርና አገልግሎት ተለያይተው እንዳልተነሡ ይመሰክራል። የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ፣ ቤተሰቧ በስደት በእንግሊዝ አገር በነበረበት ጊዜ በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 በነርስነት ተመዘገበች፤ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላም በሙያዋ ስታገለግል ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1942 ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ገና በወጣትነቷ ዐረፈች። በስሟ በአዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል ነርሶች የሚሠለጥኑበትም ሆነ። የንጉሥ ልጅ የሕፃናትን ጨርቅ መለወጥ መማሯ በዘመኑ የነበረውን የክብር ሚዛን የሚፈትን ሲሆን፣ አሟሟቷ ደግሞ በዚያን ጊዜ የወላድ እናቶች ሞት ቤተ መንግሥትንም እንደማይምር ያስታውሳል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ታላቅ እርምጃ የተወለደው ከጣና ዳርቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በሐይቁ ሰሜን ባለው በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከጨረሰ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። በመንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ትብብር የተመሠረተው ይህ ተቋም የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ላከ። የማኅበረሰብ ነርሷ በዚህ ቡድን ውስጥ የሐኪም ትእዛዝ ብቻ የምትጠብቅ ሳትሆን ቤት ለቤት የምትሄድ፣ እናቶችን የምታስተምርና የመንደሩን ሁኔታ ለቡድኑ የምታቀርብ ባለሙያ ነበረች። ያ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሪቱ ደጋማና ወይና ደጋ አካባቢዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አሞ ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደገደለ ይገመታልና፣ የሰው ሥልጠናው ከችግሩ ስፋት ጋር ገና እንዳልተመጣጠነ ታይቷል።

በፎገራና በአጠገቡ የተከሰተው የካላዛር ታሪክ የዚህን ሁሉ ትርጉም በቅርብ ያሳያል። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ረጅም ትኩሳት የሚያመጣ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ሰውነትን የሚያመነምንና ካልታከመ የሚገድል በሽታ ሲሆን፣ ቀድሞ በመተማና በሑመራ ቆላዎች የሚታወቅ እንጂ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ይኖራል ተብሎ አይጠረጠርም ነበር። ለቀን ሥራ ወደ ቆላ በሚመላለሱ ሰዎች እንደመጣ የሚገመተው ይህ ሕመም በእነዚህ ወረዳዎች ሲስፋፋ ብዙ ሕሙማን የወባና የሌላ ትኩሳት መድኃኒት ደጋግመው ቢወስዱም ሳይሻላቸው ቀርቶ፣ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2005 ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅትም በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ሕክምና ጀመረ። በጊዜው የነበረው ዋና ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለውን መድኃኒት ለ30 ቀን በየቀኑ መውጋት ነበር። ይህም በነርስ እጅ ሲታይ፣ ሰላሳ ቀን ሙሉ በሳሳ ሥጋ ላይ መርፌ የሚያርፍበት ቦታ መፈለግ፣ ክብደት መመዘን፣ መድኃኒቱ ልብንና ሌላውን አካል እንዳይጎዳ መከታተል፣ ምግብ ማብላትና መከሩ ሳይሰበሰብ የቀረበትን ገበሬ ሕክምናውን አቋርጦ እንዳይሄድ ማግባባት ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሣል። መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው ሰው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ጤና ተቋም ሲመለስ ቀድሞ የሚያየው ነርስ ነው፤ አንድ ሰው አለመዳኑ እንግዳ ነገር ባይሆንም፣ ከአንድ መንደር የመጡ ብዙ ሰዎች በአንድ ዓይነት መንገድ አለመዳናቸው ግን መልእክት አለው። መልእክቱን ለማንበብ ርኅራኄ ብቻ አይበቃም፤ መቁጠር፣ ማነጻጸር፣ በመዝገብ ላይ ያለውን መመርመር፣ ከዚያም ያዩትን ነገር ከበላይ ለሚገኝ ሰው በማስረጃ ማስረዳት ያስፈልጋል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ከነበራት አገልግሎት ይልቅ በኋላ ያደረገችው ነገር የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወታደሮቹ ከቁስል ይልቅ ንጽሕና በጎደለው ሁኔታ በሚመጣ በሽታ እንደሞቱ በቁጥርና በሥዕላዊ መግለጫ አሳይታ መንግሥት ሁኔታውን እንዲያሻሽል አስገድዳለች። እንዲህ ዓይነት ዕውቀት ርኅራኄን አያደርቅም፤ የሚያስለቅሰው ነገር ከምን እንደመጣ ለይቶ ያሳያል እንጂ።

በዚህ ላይ ግን ዲግሪ ብቻውን ዕውቀት እንዳልሆነ የሚያስገነዝብ የአገራችን ምስክርነት አለ። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በመጀመሪያ ወሊዳቸው በደረሰባቸው የፌስቱላ ጉዳት ለመታከም አዲስ አበባ መጥተው፣ ከዳኑ በኋላ በታከሙበት ሆስፒታል አልጋ በማንጠፍና ሕሙማንን በማጽናናት ጀምረው፣ ከዶክተር ሬጂናልድና ከዶክተር ካትሪን ሐምሊን ጎን ሆነው ቀዶ ሕክምና ተምረው፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው በዓለም የታወቁ የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነዋል። ሕይወታቸው ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ መከራን በራሱ አካል ያወቀ ሰው የሚያገኘው ዕውቀት ዩኒቨርሲቲ የማይሰጠው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ያ ችሎታ ፍሬ ያፈራው አስተማሪ፣ ተቋምና ዕድል ስላገኘ እንጂ ብቻውን ስላደገ አለመሆኑ ነው። የድህረ ምረቃ ትምህርት ሥነ ምግባራዊ ድርሻም ከዚህ ይወጣል፤ በየጤና ጣቢያው ያለውን የተሞክሮ ዕውቀት ንቆ አዲስ የሚተካበት ሳይሆን፣ ያንን ዕውቀት አክብሮ ቋንቋ፣ ማስረጃና ሥልጣን የሚሰጥ መሆን ይገባዋል።

ሥልጣን የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት ከዓለም የጤና ሠራተኞች መካከል 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ በከፍተኛ የአመራር ቦታ ላይ ያሉት ግን 25 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆኑ አመልክቷል። ሥራውን የሚሸከመውና ስለ ሥራው የሚወስነው ሰው ይህን ያህል ሲራራቁ፣ ውሳኔው የሕሙሙን አልጋ ሳያይ የሚሰጥ ይሆናል፤ የመኝታ ክፍሉ ውሃ የሌለው መሆኑ፣ ለሌሊት ፈረቃ የተመደበችው ነርስ ለስንት ሕሙም ብቻዋን እንደቆመች፣ አስታማሚ ዘመድ የት እንደሚተኛ ከስብሰባው አጀንዳ ውጪ ይቀራል። ወንድም ሆነ ሴት፣ ሜትሮንም ሆነ የክፍል ኃላፊ፣ በስብሰባው ላይ የሚቀመጥ ነርስ የሚናገረው ስለ ራሱ ክብር ሳይሆን መናገር ስላልቻለው ሕሙም ከሆነ፣ መናገሩ የአገልግሎቱ ቀጣይ ክፍል ይሆናል።

የነርስ አመራር የሕሙሙን እምነት የሚያከብር መሆንም አለበት፤ በደቡብ ጎንደር ለብዙ ሰው ጠበልና ጤና ጣቢያ ሁለት የሚጣሉ ዓለማት አይደሉምና። ጠበል ላይ ያለ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ባለሙያው በቁጣ ቢናገረው ሰውየው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ያስገድደዋል፣ ምርጫውም ብዙ ጊዜ ለሕክምናው አይሆንም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመናን የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጠበልን አንዱን ሳይተዉ በአንድነት ሊጠቀሙ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው የብዙ ሰው ሕይወት የተመካበት ቃል ነበር። ከአባቶችና ከሼሆች ጋር በመከባበር ተቀምጦ መመካከርን የማያውቅ አመራር ምንም ዓይነት ዲግሪ ቢኖረው ሕዝቡን አይመራም።

ጥያቄው ከአካባቢው አልፎ ወደ ዓለም ሲሄድ ባልንጀራዬ ማን ነው ወደሚለው ጥንታዊ ጥያቄ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት የዓለም ነርሶች ቁጥር ወደ 29.8 ሚሊዮን እንደደረሰ፣ 5.8 ሚሊዮን ያህል እንደሚጎድል፣ ከነርሶቹም 78 በመቶ ያህሉ የዓለም ሕዝብ 49 በመቶ በሚኖርባቸው አገሮች እንደሚሠሩ፣ ከሰባት ነርሶች አንዱ ደግሞ ከተወለደበት አገር ውጪ እንደሚሠራ ገልጿል። አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2010 የተቀበሉት የጤና ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ቅጥር የሥነ ምግባር ደንብም ሀብታም አገሮች ባለሙያ ካነሳቸው አገሮች ባለሙያ በገፍ እንዳይወስዱ ያሳስባል፤ ደንቡ ግን የሚያስገድድ ኃይል የለውም። ይህንን ጭነት ሁሉ በአንድ ነርስ ኅሊና ላይ መጣል ፍትሕ አይደለም፤ ቤተሰቧን ለማኖር ወደ ውጭ የምትሄድ ሴት መሄዷ መብቷ ነው። ሆኖም ትምህርቷ የተከፈለው በከፊል ሐኪም አይቶ ከማያውቅ ገበሬ ግብር በመሆኑ፣ በሄደችበትም ሆና ዕዳው ሙሉ በሙሉ አይሠረዝም፤ ዕዳው ግን በቅድሚያ የሚጠየቀው ባለሙያዎችን ያለ ካሣ ከሚወስዱት አገሮችና ባለሙያውን በአግባቡ ከማይዘው የአገር ውስጥ አሠራር ነው።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚያሳስበው አደጋ ግን ስደት አይደለም፤ ከዋርድ ወደ ቢሮ የሚደረገው ጉዞ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ ነርስ ወደ ማስተማር፣ ወደ ፕሮጀክት ወይም ወደ ጽሕፈት ቤት ሲሄድ በሕሙም አጠገብ የሚቀረው አዲስ ተመራቂ ብቻ ከሆነ፣ ትምህርቱ ለግለሰቡ እድገት፣ ለሕሙሙ ግን ጉዳት ይሆናል። ለዚህም ነው የትምህርቱን ተገቢነት የሚወስኑ ሦስት ሁኔታዎች መጠበቅ ያለባቸው። በመጀመሪያ የመመረቂያ ጥናት ርእስ ከመደርደሪያ ሳይሆን ከመዝገብ ክፍል፣ ከትኩሳት ወረፋና ከጤና ኬላ ችግር ሊነሣና ውጤቱም ለተጠኑት ሰዎች በሚገባቸው ቋንቋ ተመልሶ ሊነገራቸው ይገባል። ሁለተኛ ከፍተኛ ትምህርት ያለው ነርስ በአልጋ አጠገብ ሆኖ ማዕረግና ተገቢ ደመወዝ ማግኘት እንዲችል የሥራ መዋቅሩ ሊፈቅድለት ይገባል፤ ብቸኛው የእድገት በር ከሕሙም መራቅ ከሆነ ማንንም በመሄዱ መውቀስ አይቻልም። ሦስተኛ በየትኛውም ደረጃ ያለ የነርስ መሪ በየተወሰነ ጊዜ በዋርዱ ተራ ገብቶ በእጁ ሊሠራ ይገባል፤ ስለ ሕሙማን የሚወስን ሰው ሕሙማንን ከሪፖርት ብቻ ማወቁ ውሳኔውን ያጎድለዋልና።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ድምዳሜ ግልጽ ነው። አገልግሎትና አመራር የሚጣሉት ሥልጣን የራስ ክብር ሲሆን ነው፤ ሥልጣን፣ እኛ በሌለንበት ሰዓትና ባልደረስንበት ቦታ ምሕረት እንዲፈጸም የማድረግ ኃላፊነት ሲሆን ግን ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው። በሐሙሲት ትኩሳት ያለበትን ሕፃን የምትቀበለዋ ነርስና በጄኔቭ ስለ መድኃኒት አቅርቦት የምትከራከረው ነርስ የያዙት አደራ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የትምህርታቸውም ግብ አንድ መሆን አለበት። ስለዚህ ነርሶችን ለዓለም አመራር የሚያበቃ ዩኒቨርሲቲ ከተመራቂዎቹ ስንቱ ትልቅ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ከመቁጠሩ በፊት፣ በእነርሱ ውሳኔ ምክንያት ስንት ሕሙማን ሳይጠሩ እንደተደረሰላቸው ሊጠየቅ ይገባዋል፤ የሕሙማን አገልጋይ ልትመራ ይገባታልን ለሚለው ጥያቄ መልሱ አዎን የሚሆነውም በዚህ ፈተና ስታልፍ ነው።